እሳቱ ለምን ከላይ ሆነ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ደግሞ ጮኸ። ዛሬ ብቻ ሦስተኛው ነው። ጠዋት ስገባ፣ ከምሳ ስመለስ፣ አሁን ደግሞ ደህና እደሩ ልል ብቅ ስል። ኮሪደሩን አጋምሼ ወደ ክፍሉ ስቃረብ አላርሙ ይነሳል፤ ሮጬ እስክደርስ ሲስተር መሠረት ቁልፉን ተጭና ዝም አሰኝታዋለች። ሕፃኗ ደህና ናት። ማሽኑም ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

«መሣሪያሽ ያንቺን ኮቴ ሲሰማ ነው የሚያለቅሰው፤ ናፍቆት ነው መሰል» አለችኝ ሲስተር መሠረት። ሳቅሁላት። አልጋ ቤቴ እስክደርስ ግን ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ነበር።

ሐሳቤ እንደ ውጭው ጉም ሆኖብኛልና ከሥሩ ልጻፈው። ማሽኑ ያለቀናቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የሠራሁት ማሞቂያ አልጋ ነው። አምስት ዓመት በልቶኛል። ሙቀቱ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ሕፃኑ ልብሱ ወልቆ ከሥር ይተኛል። አንዲት ሴንሰር ሆዱ ላይ ትለጠፋለች፤ ሌላዋ ከላይ ሆና የገላውን ሙቀት ትለካለች። ሲበርደው ማሽኑ ራሱ ሙቀት ይጨምራል። ሁለቱ ሴንሰሮች የሚለኩት ካልተስማማ ይጮኻል። ሁለተኛዋን ሴንሰር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ በየስብሰባው ስኩራራባት ከርሜያለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ አልፏል። ሠራተኞቻችን እዚህ ደብረ ማርቆስ ዳርቻ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተክለውት ከሄዱ ወር አልፎታል፤ እኔ የመጣሁት የሙከራውን የመጨረሻ ሳምንት በዓይኔ ለማየት ነው። ዓርብ ሪፖርቱን ፈርሜ እንደላክሁ ፋብሪካው ማምረት ይጀምራል። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ጡረታ ይወጡና እኔ በወንበራቸው እቀመጣለሁ። የድርጅቱ ኃላፊ! እኔ ይታይሽ፣ የሸማኔው የቸኮል ልጅ። ሳስበው እግሬ መሬት ይለቃል።

እስከ ዓርብ ግን ለምን እንደሚጮህ ማወቅ አለብኝ። ዛሬ ያየሁት፦ ገመዱ፣ ደህና። የሆድ ሴንሰሯ፣ በአዲስ ተቀየረች። የላይኛዋ፣ ተወለወለች። መብራት፣ ሁለቴ ሄዶ መጣ፤ በጄኔሬተር ሲሠራም ጮኋል። የማሽኑ መዝገብ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ አልተስማሙም።

ሥላሴ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ በነጭ ሆኖ በዝናብ ሲመለስ በመስኮቴ አየሁ። ለአባዬ ደወልኩለት። አሁንም ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ እዚያው ቤት፣ እዚያው ሸማው ላይ ነው። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ እንደገና አስረዳሁት።

«እሳቱ ለምን ከላይ ሆነ?» አለኝ።

«እሳት አይደለም አባዬ፣ ኤሌክትሪክ ነው።»

«እሺ ይሁን። ለምን ከላይ ሆነ?»

ነርሶቹ ሕፃኑን እንደልብ እንዲያገኙት ነው አልኩት። «እንዲያ ነው?» አለ፤ ነገሩ ሳይዋጥለት ሲቀር የሚላት ነች። ሳቄ መጣ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

በሕልሜ ከማሞቂያው ላይ ድር ይወርድ ነበር። ቀይ፣ የጋለ ክር፣ ብዙ ሺህ። አባዬ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ያሳልፋል፤ እጁን አያቃጥለውም። ሕፃኗ ከሥር ሆና ታያለች። ስነቃ ቀዝቃዛ እግሬን ከብርድ ልብሱ ውጭ አገኘሁት።

ዛሬ ተንኮል አሰብኩ። ክፍሉ ሳልገባ ኮሪደሩ ላይ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ አልኩ። አንድ ጊዜም አልጮኸም። ተነስቼ አሥር እርምጃ ስሄድ ጮኸ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ይሆናል ብዬ ስልኬን ለጥበቃው ለጋሽ ሙላት ሰጥቼ ተመለስኩ። ጮኸ። ቀበቶዬን ልፈታ ምንም አልቀረኝም።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ብርቱካን፣ እናትየዋ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሕፃኗ፣ ሁለት ኪሎ ያልሞላች፣ ስም የሌላት፣ ጣቶቿ ክብሪት እንጨት የሚያካክሉ። እና አያትየዋ እማማ አንጓች። እማማ አንጓች ከእኛው አገር፣ ከአማኑኤል በኩል ናቸው። ሰላም ስላቸው መሬት መሬት እያዩ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ከዚያ በላይ አያወሩኝም።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ መቀመጥ ሰውን ያነሆልላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሐሳቤ ተነስቶ ሄደ። ስምንተኛ ክፍል ደረሰ። ዴስኩ ላይ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው፤ የሸማኔ ልጅ አጠገብ መቀመጥ የሚወድ አልነበረም። በደጉ ጊዜ ዝም ይሉኛል፤ በክፉው ጊዜ እንደሚሉት ይሉኛል። የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አምጥተው ማን ያበራል ሲሉ እኔ ሄድኩ። አምፖሏ በራች። ለማን ልጅ እንደበራች አልጠየቀችም። ያን ቀን ነው መሰለኝ መሐንዲስ የሆንኩት፤ ሌላው ወረቀት ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። አባዬ በሸመነው ጋቢ ተጠቅልዬ አራት ክረምት አጠናሁ፤ አምስተኛው ላይ ጋቢው ሳሳ። ከዚያ የሆስፒታል ጥገና። በየመጋዘኑ ላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ፣ ከባሕር ማዶ በእርዳታ መጥተው በአንድ መለዋወጫ እጦት የተኙ ማሽኖች። አቧራቸውን እየጠረግሁ ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነገር ቢኖርስ እል ነበር። ጋሽ ኃይሉ ያንን ምኞቴን ሰምተው ወደ ትንሿ ወርክሾፓቸው ወሰዱኝ። ወርክሾፗ ድርጅት ሆነች። ለእኛ ተብሎ የተሠራው ነገር እነሆ በሩ ማዶ አለ፤ እኔ ስገባ ይጮኻል።

ከሰዓት ጋሽ ኃይሉ ደወሉ። ሁሉም ዝግጁ ነው፣ የቀረው ፊርማሽ ብቻ ነው አሉኝ። «ቢሮው ውስጥ ያለውን አበባ ልተውልሽ ወይስ ልውሰደው?» ይተውልኝ አልኩ። ስለ አላርሙ አልነገርኳቸውም። ነገ እነግራቸዋለሁ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ያገኘሁት በላስቲክ ጫማ ነው።

ጠዋት ከባጃጅ ስወርድ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። ጋሽ ሙላት ቦቲ ጫማዬን ተቀብለው ሊያጥቡልኝ ሄዱ፤ ሲስተር መሠረት የራሷን የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ። በዚያ ጫማ ኮቴ የለኝም። የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሕፃኗ ከማሞቂያው ሥር ተኝታለች፤ ብርቱካን እንቅልፍ ወስዷታል፤ እማማ አንጓች ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይጸልያሉ። አላርሙ ዝም። ደስ ብሎኝ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ አስነጠሰኝ።

እማማ አንጓች ቀና አሉና አዩኝ። በሽምግልናቸው እንዲያ ይፈጥናሉ ብዬ አላስብም ነበር። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው ሕፃኗ ላይ ጣል አደረጉት፣ ከራስ እስከ እግር። ማሽኑ ጮኸ። ሲስተር መሠረት ከወዲያ ጥግ ዘላ መጥታ «ያንሱት እንጂ እማማ፣ መጣች እኮ!» ብላ ነጠላውን ገፈፈች፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ዞር ስትል እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፊቷ ደም መሰለ።

ውጭ አውጥቼ ጠየቅኋት። ለእኔ ብቻ ነው? አይደለም፣ ለማንም እንግዳ ነው። ከእሳቸው በፊት ተኝተው የወጡት ሕፃናት ቤተሰቦችስ? ሁሉም። «አንቺ ስትመጪ ቶሎ እናነሳዋለን፤ እንዳታዝኚብን ብለን። ሌላ ጊዜ ግን ድምፁን አጥፍተን እንተወዋለን። ጠያቂው እስኪሄድ ነው። ስንቱን እንጣላ ይታይሽ?» ጉድለት ነው ብላ አላሰበችውም። ለእሷ ማሽን ሁሉ ይጮኻል።

ለምን እንደሚሸፍኑ የሚነግረኝ ሰው አልፈለግሁም። ዓይን ነው። የሰው ዓይን ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ላይ እንዳያርፍ። ከሰው ሁሉ ደግሞ የሸማኔ ዓይን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አስተምራኛለች፦ አራስ ካለበት ቤት ስትደርሺ በሩ ላይ ሳል በይ፤ ሸፍነው ይጠብቁሽ፤ ሳይሸፍኑ ከገባሽ ይጠሉሻል። እኔም ሳል እል ነበር። በሕይወቴ ስንት አራስ ቤት ገብቻለሁ፤ ያየሁት ጨርቅ ነው። የአገሬን ሕፃን ፊት መጀመሪያ ያየሁት በሥራዬ፣ አዲስ አበባ፣ ቤተሰብ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው።

ታዲያ በዓለም ላይ ካለው መሐንዲስ ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ማን ነው? እኔ ነኝ። እኔ! ጨርቁ ሲጣል እያየሁ ያደግሁት። ሕፃን ልብሱ ወልቆ በሰው ፊት የሚተኛበት አልጋ ሠራሁ፤ በላዩ ሴንሰር ሰቀልኩበት፤ ከዚያ ገመድ እፈትሻለሁ። ጓሮ ሄጄ ከውሃ ታንከሩ ኋላ አለቀስኩ። ተናድጄ ይሁን አፍሬ አላውቅም፤ ሁለቱም ነው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ልተኛ ነበር። ነጠላው ላይ ያለውን ጥለት አውቀዋለሁ። አረንጓዴው ሁለት ጊዜ ሄዶ ቢጫው አንድ ጊዜ ይመለሳል። የአባዬ እጅ ነው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ጠዋት ሕፃኗን ብርቱካን ታቅፋት ብዬ አልጋው ላይ ለብ ያለ ውሃ የሞላሁበት ላስቲክ አስተኛሁ። ሴንሰሯን ለጠፍኩ። ነጠላ ጣልኩበት። ድምፁን አጠፋሁት፣ እነሱ እንደሚያደርጉት። ጠበቅሁ።

ውሃው ቀዘቀዘ። ማሽኑ በረደው ብሎ ሙቀቱን ጨመረ፤ ጨርቁ ሙቀቱን ከላይ ያዘው፤ ውሃው ይብስ ቀዘቀዘ፤ ማሽኑ ይብስ ጨመረ። በመጨረሻ ነጠላው ላይ እጄን አሳርፌ ወዲያው አነሳሁ። ጨርቁ ሲገፈፍ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ገላዋ ላይ ነው። እስካሁን የተጎዳ ሕፃን የለም። ጠያቂዎች ቶሎ ስለሚሄዱ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ማሽኑን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ሲስተር መሠረት ሕፃኗን ወስዳ በብርቱካን ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስተኛቻት፤ በመቀነት አሰረቻቸው፤ ከላይ ጋቢ ደረበችላቸው። «ማሽን ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል በዚሁ ትሄዳለች» አለች። በየግማሽ ሰዓቱ ለካናት። ሙቀቷ ንቅንቅ አላለም። ተሸፍናለች፣ ትሞቃለች፣ ማንም አያያትም። ቁጭ ብዬ ብዙ አየኋቸው፤ ዓይኔ ጋቢው ላይ ቀረ።

ለጋሽ ኃይሉ ደወልኩላቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ማስታወቂያ ለጥፊበት» አሉ። «በትልቁ፣ አይሸፈን በይ። ነርሶቹ ያስተምሩ። ማሽኑ አልተበላሸም እኮ፤ አጠቃቀሙ ነው። ፈርሚ፣ ሰኞ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ ታስተካክዪዋለሽ።» ክፉ ሰው አይደሉም። ነገሩ ውስጥ ደግሞ ልክ የሆነ ነገር አለበት። ለዚህ ነው የከበደኝ።

እስኪ ላስተምር ብዬ እማማ አንጓች አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሳልጀምር ጀመሩኝ።

«አንቺ የቸኮል ልጅ አይዶለሽም?»

«ነኝ እማማ።»

«አውቄሻለሁ፤ መልክሽ የአባትሽ ነው። እንግዲህ አትቀየሚኝ።»

አልቀየምም አልኩ። ዋሸሁ።

«ላንቺ ብቻ አይዶለም ልጄ። ለሐኪሙም እሸፍናለሁ። ለቄሱም እሸፍናለሁ።» ትንሽ አሰቡና ደግሞ «ላንቺ ትንሽ ፈጠን እላለሁ» አሉ። እውነቱን ስለተናገሩ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ።

ከዚያ ትምህርቴን ጀመርኩ፤ ሙቀቱ ከላይ ነው፣ ጨርቅ ይከለክለዋል፣ ስለዚህ አይሸፈንም። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እናትሽስ አንቺን ሳትሸፍን አሳደገችሽ?»

«ሸፍናኛለች።»

«በሐምሌ ብርድ ሕፃን ራቁቱን ይተኛል የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?»

የማስታወቂያው ነገር እዚያው ላይ አለቀ። ነገ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይሸፈን የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ አያቶች በሙሉ ይሸፍናሉ፤ ነርሶች በሙሉ ድምፁን ያጠፋሉ።

ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ ወደ አባዬ ወጣሁ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 11፣ ጠዋት፣ አማኑኤል

ስነቃ ዝናቡ ቆሟል፤ የሸማ ዕቃው ይሠራል፣ ጧ ጧ ይላል። ይህን ድምፅ ሰምቶ ያደገ ሰው ሌላ ቦታ ደህና አድርጎ አይተኛም።

አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የሸማኔ ነገር እንዲህ ነው፦ መሬት ላይ ትቀመጣለህ፣ እግርህ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መርገጫውን ይረግጣል፣ ሥራው ከፊትህ። ትንሽ ሳለሁ ከአጠገቡ እግሬን እከት ነበር። ዛሬም ከተትኩ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ። ሞቅ ይላል። ገለባ ይነሰንስበታል፣ ንፋስ አይደርስበትም። ላይ ላዩን ጆሮዬ ይበርደኝ ነበር፤ እግሬ ግን ሌላ አገር ነው።

ትናንት የሆነውን ሁሉ አጫወትኩት። የነጠላውንም ጥለት። እጁን ሳያቆም «የአንጓችን ነጠላ አስታውሰዋለሁ፤ ድሩ ጥሩ ነበር» አለ። ሰዎቹ የእኔን ጨርቅ ከእኔ መሸሸጊያ አደረጉት ብሎ አልተናደደም። እኔ ስለሱ ተናደድኩለት። «ልጀ፣ ጨርቅ የሚሠራው ለመሸፈን ነው» አለኝ።

ከዚያ ሳልጠይቀው አወራልኝ። «ሐምሌ ነው የተወለድሽው፣ መዳፍ ታክያለሽ፣ እናትሽ ታማ ልታቅፍሽ አልቻለችም። ድንጋይ አሙቄ፣ በጥጥ ጠቅልዬ፣ በጣቴ ለክቼ ከሥርሽ አደረግሁ፤ ሲቀዘቅዝ ሌላ እለውጣለሁ። ከላይ ጋቢ። የሰው ጋቢ ነበር፣ ገና ከሸማ ዕቃው አልወረደም፤ ቆርጬ አለበስኩሽ፤ ባለቤቱ እስከ መስከረም አኮረፈኝ።»

«ከሥር?» አልኩት።

«ከሥር ነዋ! ሙቀት ወደላይ አይዶለም የሚሄደው? ከላይ ሸፍነሽ ታስቀሪዋለሽ። ሰኞ ለት ለምን ከላይ ሆነ ስልሽ ሳቅሽብኝ።»

ሳቅሁበት። ፊዚክስ ተምሬ ሳቅሁበት። ከሥር የሚያሞቅ ፍራሽ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በፊት አስቤው ዘመናዊ አልመሰለኝም ነበር። ለመቆጣጠርም ከላይኛው ይከብዳል። ጨርቁ ግን ጠላት መሆኑ ቀርቶ ረዳት ይሆናል፤ አያትየዋ ስትሸፍን ማሽኑን ትረዳዋለች። አባዬ የድሩን ልክ በሚጽፍበት ወረቀት ጀርባ ላይ ሣልኩት። አባዬ አየት አድርጎ «በጣትሽ ለኪ፤ እንዳይበዛ» አለ።

አሁን ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነው። ሥዕሉ ደስ ይላል። ግን ይህ ሥዕል ትክክል ከሆነ የአምስት ዓመት ሥራዬ ስህተት ነው።


ዓርብ፣ ከሰዓት

ሁለት ሪፖርት ጻፍኩ። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ነው፤ ማሽኑ ፈተናውን አልፏል፣ አይሸፈን የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍበት። አምሮበታል። ፈርሜበት ጥቂት ደቂቃ ያህል ኃላፊ ሆንኩ። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር፣ የጋሽ ኃይሉን አበባ፣ በሩ ላይ ስሜን አየሁ። አባዬ በአዲስ ጋቢ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጸሐፊዋ ሻይ ስትሰጠው። እውነት እላለሁ፣ በጣም ፈለግሁት። ያን ዴስክ ላይ ብቻዬን የተቀመጥኩበትን ዘመን ሁሉ የሚክስልኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ስድስት ገጽ ነው። የውሃው ሙከራ፣ የጨርቁ ሙቀት፣ ድምፁ በየቀኑ መጥፋቱ። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ጥፋቱ የተጠቃሚዎቹ አይደለም። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቤተሰብ ሕፃን እንደሚሸፍን አውቅ ነበር፤ አላሰብኩበትም። ምርቱ አይጀመር።» ሥዕሉን አያያዝኩ።

የመጀመሪያውን ቀደድኩት። ሁለተኛውን ልልክ ስል ኔትወርክ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሐሳቤን መቀየር እችል ነበር። ስልኬን በመስኮቱ አውጥቼ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደ።

መልስ የለም። በላሁ፣ ጥብስ መስሎኝ ሽሮ ነው፤ ለካ ዓርብ ነው።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ጋሽ ኃይሉ ጠዋት ደወሉ። ድምፃቸው ያልተኛ ሰው ድምፅ ነው። ምርቱ ቆሟል። ቦርዱ ተቆጥቷል፤ አንዳንዶቹ ሌላ ሰው ይፈለግ ብለዋል። «ሁለቴ አነበብኩት» አሉኝ። «መጀመሪያ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ኋላ ግን የእኔ እናት ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውም ይሸፍኑ ነበር።»

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ስምሽን እንደገና ማቅረብ እችላለሁ። ግን የሚጠብቅሽ የተዘጋጀ ፋብሪካ አይደለም፤ ከባዶ የሚጀምር ሥራ ነው፤ በሚያምንሽና በማያምንሽ ሰው መሐል። አሁንም ትፈልጊዋለሽ? እስከ ነገ ማታ አሳውቂኝ።»

እሺ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ተኛሁ። በመሐል ሕልም አየሁ፤ ወንበሩ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።


እሑድ፣ ሐምሌ 13

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ጽሑፌ የሚንጋደደው ለዚያ ነው። ውጭው ጉም ብቻ ነው። ሹፌሩ በምን እንደሚያይ አላውቅም።

ለመሰናበት ወደ ጤና ጣቢያው በጠዋት ሄድኩ። ቦቲዬን አድርጌ ነበር፤ ጋሽ ሙላት መስታወት አስመስለውታል። ሲስተር መሠረት በሩ ላይ አቀፈችኝ። ልጅቷ በሦስት ቀን ኪሎ መጨመር ጀምራለች አለችኝ። ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ቴክኒሻን መጥቶ እስኪወስደው በአሮጌ አንሶላ ሸፍናዋለች።

የክፍሉ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ሳል አልኩ። ጊዜ ሰጠኋቸው። ወለሉን እያየሁ እስከ አምስት ቆጠርኩ።

«ማነው?» አሉ እማማ አንጓች።

«እኔ ነኝ፣ ይታይሽ። ልሄድ ነው፤ ልሰናበት ብዬ።»

«ታዲያ በር ላይ ቆመሽ ምን ያስልሻል? ግቢ።»

ገባሁ። ብርቱካን ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ደረቷ ላይ ናት፤ የአባዬ ጥለት ያለበት ነጠላ ከላይ ተደርቧል። እንደ ልማዴ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እማማ አንጓች ከመቀመጫቸው ተነሱ። «መሣሪያውን አንቺው ራስሽ አስቀረሽው አሉ። ነርሷ ነገረችኝ። ሥራሽ ላይ ችግር ይመጣብሻል አለችኝ።»

«ሊመጣ ይችላል እማማ።»

ብርቱካንን አዩአት፤ ብርቱካን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አሮጊቷ የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙና ቀስ ብለው ገለጡት። ግንባሯ ወጣ። ቅንድብ ሊሆን የሚያስብ ነገር። አፍንጫዋ።

«ነይ» አሉኝ። «ቀረብ በይና እያት።»

ቀረብኩ። አገሬ ውስጥ ለእኔ ተብሎ ሕፃን ሲገለጥ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ፤ ብርቱካን ደግሞ እኔን አይታ አለቀሰች፤ እማማ አንጓች ሁለታችንንም ተቆጡን። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ከፈተች፣ እኔ ያለሁበትን አቅጣጫ አየች፣ ምንም አልመሰላትም፣ መልሳ ተኛች።

ደጀን ደርሰናል። ከዚህ በኋላ ወደ ዓባይ ስለምንወርድ ኔትወርኩ ይጠፋል። ለጋሽ ኃይሉ «እፈልገዋለሁ። አበባውን ይተዉልኝ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።